«ይሄ የማን ታሪክ ነው?»

(የመግቢያ ሙዚቃ። ከዚያ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል።)

  

ዛሬ የምናወራው ስለ ሞተ ሰው ነው። ኧረ ጣቢያውን አትቀይሩ! የማወራላችሁ ሰው በሕይወቱ ሲያስቅና ሲጋብዝ የኖረ ነው። ባል ነበር፣ አባት ነበር፣ የአራዳ ልጅ ነበር። ገንዘብ ኪሱ ውስጥ አያድርም።

ጥያቄዬም ይሄ ነው፦ እንዲህ ያለ ሰው ሲሞትብን እንዴት ነው የምናስታውሰው? በደንብ እናስታውሰዋለን ወይስ አሳምረን ቀብረነው እንመለሳለን?

(አጭር ሙዚቃ)

አባቴ የተቀበረው በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነው። ፍትሐቱ እንዳለቀ፣ እንደ ወጉ፣ የአጎቴ ልጅ የሕይወት ታሪኩን ሊያነብ ወረቀቱን ዘረጋ። መቼም ድምፁ ለዜና ነው የተፈጠረው። «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» አለ። «በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚነት በትጋትና በታማኝነት ያገለገሉ» አለ። «በሕግ ጋብቻ መሥርተው አራት ልጆችን ያፈሩ፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» አለ።

እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ክንዴን ይዛለች። ንባቡ መሐል ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና፣

«ይሄ የማን ታሪክ ነው?» አለችኝ።

«የአባዬ ነዋ እማዬ!»

«እኔ እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም» አለች።

(ዝምታ፣ ሁለት ሰከንድ)

ያን ጊዜ ሐዘኑ አእምሮዋን የነካት መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። የተነበበው ሁሉ ልክ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱም አልተሳሳተም። ሰውዬው ብቻ ውስጡ አልነበረም።

እስቲ እናንተም አስቡት። በመጨረሻ የሄዳችሁበት ቀብር ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ስሙን ቀይራችሁ ለሌላ ሰው ብታነቡት ያስታውቃል? አያስታውቅም አይደል?

(ሙዚቃ)

እንግዲህ ሰውዬውን ላስተዋውቃችሁ።

አባቴ ማተሚያ ቤት በሚሠራበት ዘመን ፊደል የሚለቀመው አንድ በአንድ፣ በእጅ ነው። የአማርኛ ፊደል ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ከሀ እስከ ፐ ያለው ብቻ ከ200 ይበልጣል። አባቴ የፊደል ሣጥኑን ሳያይ እጁ ይሄድለት ነበር። የእርሳስ ፊደል የሚነበበው ተገልብጦ ስለሆነ፣ ሥራው ዓይኑን ብቻ ሳይሆን ምላሱንም ገለበጠው። ከበደን «ደበከ» ይለዋል፣ አበበን «በበአ»። እኛም ልጆቹ በአጸፋው «ዬባአ» አልነው። አባዬ ማለት ነው። ሰፈሩም ተቀበለው። ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ዬባአን የማያውቅ ልጅ አልነበረም። ያ የተነበበው ወረቀት ላይ ግን ዬባአ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም።

ደመወዝ የተቀበለ ቀን ከአራት ኪሎ ተነሥቶ፣ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሮ ወደ ፒያሳ ይወጣል። መንደራችን ሲደርስ መንገድ ላይ ያገኘውን ልጅ ሁሉ አስከትሎ ኬክ ቤት ይገባል። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ሚልፎኝ! እኔ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አንድ ቀን አስተናጋጇ አፏን ይዛ፣ «ጋሼ፣ እነዚህ ሁሉ ልጆች የእርስዎ ናቸው?» አለችው።

«አዎ፣ ሁሉም የእኔ ናቸው» አለ። ከዚያ ወደ እኔ እየጠቆመ፣ «ይሄኛው ብቻ የማን እንደሆነ አላወቅኩም።»

ተከትለነው ከገባነው ዘጠኝ ልጆች የእሱ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሚልፎኙን ትቼ አለቀስኩ። ያን ቀን ሁለተኛ ሚልፎኝ የደረሰኝም እኔ ብቻ ነኝ።

(ሙዚቃ፣ ቀለል ያለ)

አሁን አንድ ቃል እንመርምር። ቃሉ «ተዝካር» ነው።

ተዝካር ማለት ምን ማለት ነው? ይሄኔ ብዙዎቻችሁ በልባችሁ «ድግስ» ብላችኋል። ድንኳን፣ ወጥ፣ ጠላ፣ ብድር! ግን ቃሉ የግእዝ ነው፤ «ዘከረ» ከሚለው ይመጣል። ዘከረ ማለት አስታወሰ፣ አሰበ ማለት ነው። ዝክርም፣ መዘክርም ከዚያው ግንድ ናቸው። ስለዚህ ተዝካር ሲተረጎም ማስታወስ፣ መታሰቢያ ነው። ልድገመው፦ ተዝካር ማለት ማስታወስ ማለት ነው። ምግቡ የመጣው አስታዋሾቹን ለመሰብሰብና የተቸገረውን ለማብላት ነው።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሦስተኛው ቀን አለ፤ ሰልስት የምንለው። ሰባት አለ፣ አሥራ ሁለት አለ፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ አለ። ከዚያ መንፈቅ፣ ከዚያ ሙት ዓመት። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሐዘንተኛ የሚጠይቁበት ሦስት ቀን አላቸው፤ ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳ የምትቀመጠው አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ዘንድ ሐዘን በአንድ ቀን አያልቅም። ቀን ተቆርጦለታል፣ እየቆየ እየቆየ ይመለሳል።

የምዕራቡ ዓለም ባለሙያዎች ይህን ነገር ዘግይተው ነው የደረሱበት። ሲግመንድ ፍሮይድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1917 ስለ ሐዘን ባሳተመው ጽሑፍ፣ የሐዘን ሥራ ልብን ከሞተው ሰው ቀስ በቀስ ማላቀቅ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከእሱ በኋላ የመጡ ባለሙያዎችም ለረጅም ጊዜ በዚሁ መንገድ ሄዱ። «እርሳው፣ ወደ ፊት እይ» የሚለው ምክር እንዲህ ነው ሥር የሰደደው። በዚያው አቆጣጠር በ1996 ዴኒስ ክላስ፣ ፊሊስ ሲልቨርማንና ስቲቨን ኒክማን የተባሉ አሜሪካውያን ባሰናዱት መጽሐፍ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ወላጅ የሞተባቸው ልጆችም፣ ባል የሞተባቸው ሴቶችም ከሞተው ሰው ጋር ያላቸውን ግንኙነት መልኩን ቀይረው ይዘውት እንደሚኖሩ፣ ይህም በሽታ እንዳልሆነ አሳዩ። የሰማንያውን ተዝካር ስታወጣ የኖረች ባልቴት ይህን ብትሰማ «እና?» ነው የምትለው።

(የጥሩምባ ድምፅ፣ ከሩቅ)

ይህን ድምፅ ታውቁታላችሁ። ማለዳ ላይ የእድር ጥሩምባ ሲነፋ ሰው ከአልጋው ሳይወርድ «ማን ይሆን?» ይላል።

የእኛ እድር ድንኳኑን የተከለው መተላለፊያው ላይ ነበር። ሌላ ቦታ አልነበረማ! ዶሮ ማነቂያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከሄደ ሦስተኛው ግድግዳ ይታከክ ነበር። አግዳሚ ወንበር መጣ፣ ድስት መጣ፣ ንፍሮ ተነፈረ። የመጀመሪያው ማታ ሁሉም በሹክሹክታ ነው። በሁለተኛው ማታ ወንዶቹ ካርታ ጀመሩ። በሦስተኛው ማታ አንዱ የአባቴን ነገር አንሥቶ ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ።

አንዲት እናት ከውስጥ ወጥተው ተቆጡ። «ሐዘን ቤት ውስጥ ሳቅ? ነውር አይደለም እንዴ?»

እናቴ ከፍራሿ ሳትነሣ፣ «ተዉአቸው እትዬ» አለች። «እሱ ቢኖር ከእነሱም ይብስ ነበር።»

አድማጮቼ፣ ዛሬ ከምናወራው ሁሉ ይህችን ያዙልኝ። ተጫዋች ሰው ሲሞት ሳቁ አብሮት አይቀበር። ለቅሶ ላይ መሳቅ ለተጫዋች ሰው ክብሩ ነው። ደግሜ እላለሁ፣ ክብሩ ነው።

እኅቴ ደግሞ ያን ማታ አንድ ብልህ ነገር አደረገች። የልጇን የሒሳብ ደብተር ከኋላ በኩል ገልብጣ የሚወራውን መጻፍ ጀመረች። ማን እንዳወራው፣ የት ቦታ እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ። እስከ አርባው ድረስ ደብተሩ ሞላ። ስልክ ያላችሁ ድምፅ መቅዳትም ትችላላችሁ፤ ግን አስፈቅዳችሁ! ድንኳኑ እስኪነሣ ነው ዕድሉ ያለው። ከዚያ በኋላ የደብረ ብርሃኑ እንግዳ ወደ ደብረ ብርሃን፣ የሥራ ባልደረባው ወደ ሥራው ይሄዳል። እነዚያ ሰዎች ዳግመኛ አንድ ላይ አይቀመጡም።

ምን እንጠይቃቸው ብትሉ፣ «ጥሩ ሰው ነበር ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉም «በጣም!» ይላችኋል፣ እዚያው ያልቃል። «መጀመሪያ የት ተዋወቃችሁ? ምን አለህ? ምን ለብሶ ነበር? አኩርፈኸው ታውቃለህ?» በሉ።

(ሙዚቃ)

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ።

ደግ ሰው ብለን ስናወራ ደግነቱን የከፈለው ማነው ብለን እንጠይቃለን? እኔ እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን ድረስ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ያን ቀን የመንደራችን ባለሱቅ መጡ። የዱቤ ደብተራቸውን በብብታቸው ሸጉጠዋል። ደጋግመው «አላህ ያጽናችሁ» ካሉ በኋላ፣ «ልጠይቅ አይደለም የመጣሁት፤ ሰርዤዋለሁ ልል ነው» አሉ። ዕዳው 340 ብር ነበር።

እናቴ እንቢ አለች። የሟች ዕዳ ይከፈላል እንጂ አይሰረዝም! ልክም ናት። በእስልምናም ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ዕዳ ይቀድማል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም የሟች ዕዳ ከውርሱ ላይ ቀድሞ እንዲከፈል ያዛል። ለማንኛውም «ያንብቡልኝ» አለች። ማንበብ ጀመሩ።

«ሁለት ዳቦ፣ ለሊስትሮው ልጅ። አንድ ሳሙና፣ ለዘበኛው። ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ ከታች ላሉት ለአራሷ...»

«ስኳር?» አለች እናቴ። «መቼ?»

ባለሱቁ ቀኑን ነገሯት። እናቴ ብድግ አለች።

«ያን ሳምንት እኮ እኔ ቤት ስኳር አልነበረም! ሻይ በጨው ነው የጠጣነው! ለእኔ ጠፋ ብሎኝ!»

(አጭር ዝምታ)

ሐዘን ላይ ያለች ሴት ሟች ባሏን እንዲህ ስትቆጣ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰማሁ። ቤቱ ሁሉ ጸጥ አለ። ሙት ወቃሽ አያድርገን ይላል ሰው፣ እናቴ ግን ወቀሰችው። ግማሹ ብቻ የደረሰውን ደመወዝ፣ ለሰው የተሰጠውን የሠርጓን ብርድ ልብስ፣ ለገና የተገዛውን ዶሮ አንሥቶ ለጎረቤት መስጠቱን፣ ሁሉንም አወረደችው። ከዚያ ተቀመጠችና ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪወጣላት አለቀሰች። ቀብር ላይ ያላለቀሰችውን ለቅሶ ነው ያለቀሰችው።

ሐዘንተኛን «ዝም በይ፣ እንዲህ አይባልም» እያልን ስናፍን ብዙ እናበላሻለን ባይ ነኝ። ለእኛ ደግ የነበረው ሰው ለሚስቱ አንዳንዴ አስቸጋሪ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። እናቴን ደፍሮ «እስቲ ስለ እሱ አጫውቺን» የሚላት አልነበረም፤ ሁሉም «አይዞሽ» ነው የሚላት። አይዞሽ ጥሩ ቃል ነው። ግን ወሬ ይዘጋል። ለቅሶ ስትደርሱ አይዞሽ ካላችሁ በኋላ ጠይቁ። አይዞሽ ካላችሁ በኋላ ጠይቁ፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ።

ባለሱቁ 340 ብሩን ተቀበሉ። በማግስቱ አራት ኪሎ ስኳር ተልኮ መጣ። እናቴ እስካሁን ስታወራው፣ «ሰውዬው እንኳን አራት ኪሎ ነው የላከው፣ ያ ግማሽ ኪሎ ነፈገኝ» ትላለች።

(ሙዚቃ)

ልጆችስ?

ስንት ቤት ነው፣ አባት ሞቶ ትንሹ ልጅ «አባባ አሜሪካ ሄዷል» የሚባለው? መርዶ ላይ ጥንቁቆች ነን። ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችን ሳይቀሩ ሽማግሌ አሰባስበው፣ ማለዳ በር አንኳኩተው ነው የሚያረዱት። ለትልቅ ሰው ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ለልጅ ስንሆን እንዋሻለን። ልጁ ደግሞ የእናቱን ጥቁር ልብስ ያያል፣ ድንኳኑን ያያል። አባቱ አሜሪካ ከሄደ ለምን አይደውልም? ለምን ሳይሰናበተኝ ሄደ? ተቆጥቶኝ ይሆን? ሲል ያድራል። በአጭሩ፣ በዕድሜው ልክ፣ ሞቷል በሉት። ቀጥላችሁ የአባቱን ቀልድ አስተምሩት። የእኅቴ ልጅ አያቷ ሲሞት አራት ዓመቷ ነበር። ዛሬ ስምንት ሞልቷታል፤ ሰውን ሁሉ ስሙን ገልብጣ ነው የምትጠራው። አስተማሪዋ ደብዳቤ ልካብናለች።

ሰው የሚታወሰው በምን እንደሆነ የሚያሳይ፣ ሕዝብ ሁሉ የሚያውቀው ምሳሌ ልጨምር። አባባ ተስፋዬን፣ ተስፋዬ ሣህሉን አስቡ። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር አዘነ። ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው መድረክ ላይ የተጫወቱ፣ ከዚያ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ያወሩ ሰው ናቸው። ያን ሰሞን ሰዉ የሚያወራው ምን ነበር? የልደት ቀናቸውን ነበር? «ልጆች» ሲሉ የነበረውን ድምፃቸውን ነው። ተረቱን ነው። ያ ሁሉ ሰው አባቱ የሞተበት ያህል ያለቀሰው በድምፃቸው ነው።

(ሙዚቃ፣ ዝግ ያለ)

እንግዲህ ወደ ፒያሳ ልመለስ።

ለእኛ ማስታወስ ድሮ ቀላል ነበር። በኬክ ቤቱ ስታልፍ ትዝ ይልሃል፤ በሱቁ ስታልፍ ትዝ ይልሃል። ሰፈሩ ራሱ ተዝካር ነበር። በ2016 ዓ.ም. ግን ፒያሳ ለልማት ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያም ፈረሰ። ጎረቤቶቻችን አንዳንዱ ገላን ጉራ፣ አንዳንዱ ሌላ ቦታ ሄደ። እድሩ ድንኳኑንና ድስቱን ይዞ ተበተነ። ጎዳናው ሰፋ፣ መብራቱ አማረ፣ ያንን አልክድም። ግን አባቴ ዘጠኝ ልጅ አስከትሎ የገባበት በር የት እንደነበር ለእኅቴ ልጅ ማሳየት አልችልም።

ስለዚህ ሰፈራችሁ የፈረሰባችሁ ወይም ሊፈርስ ያለ አድማጮች፣ አንድ ወረቀት አውጡና ካርታ ሣሉ። ቆንጆ መሆን የለበትም። በሩ እዚህ፣ ቧንቧው እዚህ፣ እሱ የሚቀመጥባት ድንጋይ እዚህ። እናቶቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ እነሱ በእርምጃ ያውቁታል።

እኛ የእኛን ካርታ ለመሣል ባለፈው ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ፒያሳ ወጣን። ጊዮርጊስን ተሳለመች። ከዚያ የምኒልክን ሐውልት አልፈን፣ በዓድዋ ድል መታሰቢያ በኩል እየቆጠረች ሄደች። ሲተጫጩ አባቴ የሚቀጥራት እዚያው ኬክ ቤት ነበር። አንድም ቀን በሰዓቱ መጥቶ አያውቅም፤ ከጊዮርጊስ ተነሥቶ እዚያች ለመድረስ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ያገኘውን ሁሉ ሰላም ካላለ፣ ካላሳቀ፣ አንድ ሻይ ካልጋበዘ አያልፍማ!

ሰፊው የእግረኛ መንገድ ላይ ስትደርስ ቆመች። ግራ ቀኝ አየች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰች።

«እዚህ ጋ ነው» አለች። «በሩ እዚህ ጋ ነበር።»

እኔ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረግኩ። እሷ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጊዮርጊስ አቅጣጫ እያየች ቆየች። ሰው በግራና በቀኛችን ያልፋል። ከዚያ የእጅ ሰዓቷን አየችና፣

«ዛሬም አረፈደ» አለች።

(ሙዚቃው ከፍ ይላል።)